የሊኑክስ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሲጠፋ፦ ሲስተሙን ሳያፈርሱ አዲስ ቃል የመተካት መንገድ

የሊኑክስ ኮምፒውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ምክር ሲጠይቅ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ሲስተሙን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» የሚል ነው። ይህ ምክር በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። እንደ አዲስ መጫን ለዓመታት የተከማቹ ፋይሎችን፣ የተስተካከሉ ፕሮግራሞችንና ቅንብሮችን ለአደጋ ያጋልጣል፤ የይለፍ ቃሉን መተካት ግን ዲስኩ ያልተመሰጠረ እስከሆነ ድረስ የሚቀይረው በአንድ ፋይል ውስጥ ያለን አንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከተለው ሐሳብ ሥራው በተቻለ መጠን ጥቂት ነገር ብቻ ተነክቶ እንዲያልቅ ማድረግ ነው።

የጠፋው ቃል ራሱ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። ሊኑክስ የይለፍ ቃልን በግልጽ ጽሑፍ አያስቀምጥም። «/ኢቲሲ/ሻዶው» በተባለው፣ ተራ ተጠቃሚ ሊያነበው በማይችለው ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ መስመር አለ፤ መስመሩ በሁለት ነጥብ (:) በተለያዩ መደቦች የተከፈለ ሲሆን፣ በሁለተኛው መደብ ላይ የተቀመጠው ከይለፍ ቃሉ የወጣና ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ሃሽ ነው። ለረጅም ጊዜ በስፋት የተሠራበት ስሌት ሻ-512 ነው፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት (ሥርጭት) እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 11ኛ እትሙ ጀምሮ ዬስክሪፕት ወደተባለው፣ ለመስበር ይበልጥ ወደሚከብደው ስሌት ተሸጋግሯል። ሃሹን በመመልከት የቀድሞውን ቃል ለማግኘት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ይሁን እንጂ ሩት የተባለው የበላይ ተጠቃሚ የማንኛውንም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ለመለወጥ የቀድሞውን ቃል እንዲያውቅ አይጠየቅም። እንግዲህ ጉዳዩ በሙሉ የሚያርፈው ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ጊዜ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ የሩትን ሥልጣን ማግኘት በሚቻልበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የሚፈቀደው ለራስዎ ኮምፒውተር ወይም ባለቤቱ በግልጽ ለፈቀደልዎ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ አንድ ነገር ይታወቅ። ከዚህ በታች ትእዛዞቹ በድምፃቸው በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን የሚተየቡት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። አጻጻፉ ከድምፁ የሚለይ ሲሆን ፊደላቱ በስማቸው አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። ለምሳሌ ዋነኛው ትእዛዝ «ፓስውድ» የሚተየበው ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብሊው፣ ዲ ተብሎ ነው፤ ኦ እና አር የሉበትም። በትእዛዞቹ ውስጥ የሚታዩት ክፍት ቦታዎች፣ ሰረዞችና ስላሾች እንዳሉ መተየብ አለባቸው።

ቃሉ በእርግጥ ጠፍቶ እንደሆነ ማረጋገጥ

«የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» የሚል መልእክት የመጣ እንደሆነ ወዲያውኑ ወደ ከባዱ መንገድ መግባት አይገባም። በቅድሚያ ካፕስ ሎክ መብራቱንና የኪቦርዱ አቀማመጥ መቀየሩን ይመልከቱ። በኮምፒውተሩ ላይ ከአንድ በላይ የፊደል አቀማመጥ ተጭኖ ከሆነ የመግቢያው ስክሪን ከለመዱት በተለየ አቀማመጥ ሊከፈት ይችላል፤ የሚተይቡት ቃል ደግሞ በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ስሕተቱን ማየት አይቻልም። ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ፦ በመግቢያው ስክሪን ላይ የተጠቃሚ ስም በእጅ የሚጻፍበትን ሳጥን ከፍተው፣ አጠገብዎ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ የይለፍ ቃሉን እዚያ ላይ ይጻፉት። በዚያ ሳጥን ውስጥ ፊደላቱ በግልጽ ስለሚታዩ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚጽፍ ያያሉ። አይተው ሲጨርሱ ጽሑፉን ያጥፉት እንጂ ኢንተር አይጫኑ፤ ያልታወቀ የተጠቃሚ ስም ሆኖ በሲስተሙ መዝገብ ላይ ሊቀር ይችላልና።

ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አካውንቱ ተቆልፎ ሊሆንም ይችላል። ለምሳሌ አርች ሊኑክስ በመጀመሪያ ቅንብሩ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ አካውንቱን ለ10 ደቂቃ ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትክክለኛው ቃል ቢገባ እንኳ ተቀባይነት የለውም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ቃል ሞክሮ ሲከለከል «ይህ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በተከታታይ ከመሞከር ይልቅ ጥቂት ጠብቆ፣ ቃሉን በዝግታ አንድ ጊዜ መተየብ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ አካውንቱ የዚህ ኮምፒውተር ነው ወይ የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ተቋም ኮምፒውተሮች ላይ የተጠቃሚው ስምና ቃል ብዙ ጊዜ የሚገኙት በማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ነው። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ በኮምፒውተሩ የሻዶው ፋይል ውስጥ መስመር የለውም፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ አይረዳውም፤ ወደ ተቋሙ የሲስተም ኃላፊ መሄድ አለበት።

ያልተዘጋ መግቢያ መፈለግ

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ሌላ አስተዳዳሪ ካለ በእርሱ በኩል መግባት ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን አስተዳዳሪዎችን «ሱዶ» በተባለ ቡድን፣ ፌዶራ፣ ሬድ ሃትና አርች ደግሞ «ዊል» በተባለ ቡድን ይይዛሉ። ከኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች አንዱ በዚህ ቡድን ውስጥ ካለ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ የሚከተለውን ይጻፍ፦

ሱዶ ፓስውድ የተጠቃሚው-ስም

«የተጠቃሚው-ስም» በሚለው ቦታ ቃሉ የጠፋበት ሰው የመግቢያ ስም ይገባል። ስሙን መርሳት ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው፤ «ሱዶ ፓስውድ» ብቻ ተጽፎ ኢንተር ከተጫነ የሚቀየረው የተፈለገው ሰው ሳይሆን የሩት የይለፍ ቃል ነው። ኡቡንቱ ሲጫን የሩት አካውንት በይለፍ ቃል እንዳይገባበት ተዘግቶ ስለሚመጣ፣ ይህ ስሕተት ሳይታሰብ የተዘጋውን አካውንት ይከፍተዋል። ይህ ከደረሰ «ሱዶ ፓስውድ -ኤል ሩት» በሚለው ትእዛዝ ተመልሶ ይዘጋል።

በኡቡንቱ ሪከቨሪ ሞድ

ሌላ አስተዳዳሪ ከሌለ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት የግድ ነው። ኡቡንቱ ለዚህ የተዘጋጀ ሪከቨሪ ሞድ የተባለ መግቢያ አለው። ወደዚያ ለመድረስ ግሩብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝሩን እንዲያሳይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዲስክ ላይ ኡቡንቱ ብቻውን ሲኖር ዝርዝሩ ተደብቆ ያልፋልና። በቀድሞው ባዮስ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ የማስነሻ ሶፍትዌር) በሚነሱ ኮምፒውተሮች ላይ የአምራቹ ምልክት እንደጠፋ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ እርሱን በተካው ዩኢኤፍአይ በሚነሱት ላይ ደግሞ እስኬፕን አንድ ጊዜ መንካት ያሳየዋል። እስኬፕ ተደጋግሞ ከተነካ ዝርዝሩ ታልፎ «ግሩብ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ መስመር ይመጣል፤ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭነው እንደገና ይጀምሩ።

ዝርዝሩ ሲታይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን፣ ቀጥሎም በቅንፍ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚል ምልክት ካላቸው መስመሮች የመጀመሪያውን ይምረጡ። የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) መልእክቶች ካለፉ በኋላ አነስ ያለ ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ ከምርጫዎቹ «ሩት» የሚለውን ወስደው ኢንተር ሲጫኑ በመሰላል ምልክት (#) የሚያልቅ የትእዛዝ መስመር ይመጣል። እዚህ ላይ የሩት ሥልጣን በእጅዎ ነው። ይሁን እንጂ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ለመጻፍም እንዲከፈት ይህን ይተይቡ፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /

«ማውንት» ኤም፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤን፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል፤ በ«ሪማውንት» ላይ አር እና ኢ ይቀድሙታል፤ «አርደብሊው» አር እና ደብሊው ነው። ትእዛዙ ያለ ምንም መልስ ካለፈ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያም «ኤልኤስ /ሆም» ብለው የተጠቃሚዎቹን ስም ይመልከቱ፤ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ሙሉ ስምና ሲስተሙ የሚጠቀምበት የመግቢያ ስም የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ይህን ማየት አይናቅም። ቀጥሎ «ፓስውድ የተጠቃሚው-ስም» ተብሎ ሲጻፍ አዲሱ ቃል ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ሲተይቡ በስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ፊደላቱ እየገቡ ነው።

ስለ አዲሱ ቃል ራሱ አንድ ምክር ልስጥ። በዚህ ዓይነቱ የአደጋ ጊዜ መስመር ላይ ኪቦርዱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በአሜሪካ እንግሊዝኛ አቀማመጥ ነው። በሌላ አቀማመጥ የሚጽፉ ከሆነ ዛሬ ያስገቡት ልዩ ምልክት ነገ በመግቢያው ስክሪን ላይ ሌላ ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ቃሉ ተቀይሮ ሳለ እንደገና መግባት ያቅትዎታል። ስለዚህ ለጊዜው ቦታቸው በማይቀያየር የላቲን ፊደላት ብቻ የተሠራ ረዘም ያለ ቃል ያስገቡ፤ በደንብ ከገቡ በኋላ ወደሚፈልጉት ጠንካራ ቃል ይለውጡት።

«ኦተንቲኬሽን ቶከን ማኒፑሌሽን ኤረር» የሚል መልእክት ከመጣ መንስኤው ብዙ ጊዜ ዲስኩ አሁንም ለማንበብ ብቻ የተከፈተ መሆኑ ነው፤ የማውንቱን ትእዛዝ በጥንቃቄ ይድገሙት። ዲስኩ እስከ ጫፍ ሞልቶ ከሆነም ለውጡ አይጻፍም፤ «ዲኤፍ -ኤች» የሚለው ትእዛዝ የቀረውን ቦታ ያሳያል። ሁሉም ሲሳካ «ሪቡት» ብለው ያስነሱት።

የማስነሻውን መስመር ማስተካከል

ሪከቨሪ ሞድ በሁሉም ዘንድ አያገለግልም። በዴቢያን ላይ ሩት የራሱ የይለፍ ቃል ካለው ሪከቨሪው እርሱኑ ይጠይቃል፤ ሩት ከተቆለፈ ደግሞ አካውንቱ ዝግ ነው ብሎ ይመልስዎታል። ሌሎች ሥርጭቶች ሪከቨሪ የሚባለውን ምርጫ ጭራሹን አያሳዩም። በእነዚህ ላይ የሚሠራው፣ እኔም ከሁሉ አስቀድሞ እንዲታወቅ የምመክረው መንገድ፣ ከርነሉ ከተጫነ በኋላ የተለመደውን የማስነሻ ሂደት ትቶ የትእዛዝ መስመር ብቻ እንዲከፍት ማዘዝ ነው። ምክንያቱም ይህ መንገድ የአንድ ሥርጭት አዘጋጆች በጨመሩት ሰንጠረዥ ላይ ሳይሆን በከርነሉ በራሱ አሠራር ላይ የቆመ ስለሆነ በአብዛኛው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ያው ነው።

የግሩብ ዝርዝር ሲታይ ዘወትር የሚነሳውን መስመር በቀስት ቁልፍ ይምረጡና ኢንተር ሳይሆን የላቲኑን ኢ ይጫኑ። በርካታ መስመሮች ያሉት የማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውንና የከርነሉን ፋይል ስም የያዘውን መስመር ይፈልጉ፤ ረጅም ስለሆነ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ተጠቅልሎ ሊታይ ይችላል። በዚያ መስመር ላይ «አርኦ» የሚል ለብቻው የቆመ ባለሁለት ፊደል ቃል ካለ «አርደብሊው» ብለው ይቀይሩት፤ ይህም ዲስኩ ከመጀመሪያው ለመጻፍ ጭምር እንዲከፈት ያደርጋል። «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ቃላት ካሉ ያጥፏቸው፤ አለበለዚያ መልእክቶቹን ሸፍነው የቆመው ሥዕል የትእዛዝ መስመሩንም ሊሸፍንብዎ ይችላል። ከዚያ ወደ መስመሩ መጨረሻ ሄደው አንድ ክፍት ቦታ በመተው ይህን ይጨምሩ፦

ኢኒት=/ቢን/ባሽ

የሚተየበው አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ፣ የእኩል ምልክት፣ ስላሽ፣ ቢ፣ አይ፣ ኤን፣ ስላሽ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤች ተብሎ ነው። ከዚያ ኮንትሮልን ከላቲኑ ኤክስ ጋር፣ ወይም ኤፍ10ን ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ይነሳል። እዚህ ላይ የሠሩት ለውጥ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ በዲስኩ ላይ አይጻፍም፤ ከተሳሳቱም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ይህን ገጽ መፍራት አያስፈልግም።

የትእዛዝ መስመሩ ሲከፈት «ፓስውድ የተጠቃሚው-ስም» ብለው ቃሉን ይቀይሩ። ለመጻፍ አልተከፈተም የሚል መልስ ካገኙ ከላይ የተጻፈውን የማውንት ትእዛዝ ያስቀድሙ። ከዚህ በኋላ ያለው ከሪከቨሪ ሞድ ይለያል፤ በዚህ ሁኔታ የትእዛዝ መስመሩ የሲስተሙ የመጀመሪያ ሂደት ሆኖ ስለሚሠራ «ኤግዚት» ብለው ከወጡ ከርነሉ ዋና ሂደቱን እንዳጣ ቆጥሮ በስሕተት መልእክት ቀጥ ይላል። በምትኩ በመጀመሪያ «ሲንክ» ይተይቡ፤ ፊደላቱ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ ናቸው፤ በሜሞሪ ላይ ያለው ለውጥ ሁሉ ወደ ዲስክ እንዲጻፍ ያዛል። ቀጥሎ፦

ኤግዜክ /ኤስቢን/ኢኒት

ይህ የመጀመሪያው ቃል ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ፣ ሲ ተብሎ የሚጻፍ ሲሆን፣ ሲስተሙ ከቆመበት ተነሥቶ የተለመደውን የማስነሻ ሥራ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ሁለት እንቅፋቶች ሊያጋጥሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው በዩኤስቢ የተገናኘ ኪቦርድ በዚህ ደረጃ ላይ አለመሥራቱ ነው፤ ይህ ከሆነ ከዚህ በታች ወደ ተገለጸው የፍላሽ መንገድ ይሂዱ። ሁለተኛው በሰርቨሮችና በምናባዊ ማሽኖች ላይ የሚታይ ነው፦ በማስነሻው መስመር ላይ «ኮንሶል=» ብሎ የሚጀምርና የሲሪያል መስመርን የሚጠራ ቃል ካለ የትእዛዝ መስመሩ የሚከፈተው በዚያ በኩል ስለሆነ ስክሪኑ የቆመ ይመስላል። ያንን ቃል ለዚህ ጊዜ ብቻ አጥፍቶ ማስነሳት ችግሩን ይፈታዋል። ግሩብን የማይጠቀሙ መሣሪያዎችም አሉ። ለምሳሌ በራስቤሪ ፓይ ላይ ሜሞሪ ካርዱን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር መክፈት፣ በማስነሻው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ባለው «ሲኤምዲላይን» በተባለ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያንኑ የኢኒት ቃል በዚያው አንድ መስመር መጨረሻ መጨመር ይቻላል፤ ይህ ግን በካርዱ ላይ የሚቀር ለውጥ ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ መደምሰስ አለበት።

ሬድ ሃት፣ ፌዶራና ቤተሰቦቻቸው

በእነዚህ ሲስተሞች ላይ ሴሊኑክስ የተባለ ተጨማሪ ጠባቂ አለ። እያንዳንዱ ፋይል ከባለቤትነቱ ሌላ የራሱ መለያ ምልክት ይሰጠዋል፤ የሻዶው ፋይልም እንዲሁ። የይለፍ ቃሉ ጠባቂው ገና ሳይነሳ ሲቀየር ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ትክክለኛ ምልክቱን ያጣል፤ ሲስተሙ ሲነሳም ጠባቂው ያልታወቀ ፋይል ነው ብሎ የመግቢያ ፕሮግራሞችን ይከለክላል። ውጤቱ አሳዛኝ ነው፤ ቃሉ በትክክል ተቀይሮ ሳለ በአዲሱም ቃል መግባት አይቻልም። ይህን አንድ እርምጃ የዘለሉ ሰዎች ዘዴው አይሠራም ብለው ሲስተሙን እንደ አዲስ እስከ መጫን ይደርሳሉ።

ለእነዚህ ሲስተሞች የተለመደው መንገድ በማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ «አርዲ.ብሬክ» ብሎ መጨመር ነው፤ አር፣ ዲ፣ ነጥብ፣ ከዚያም ቢ፣ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ኬ። ሲስተሙ ዋናውን ዲስክ «/ሲስሩት» በተባለ ቦታ ካገናኘ በኋላ ይቆማል። እዚያም በተራ፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /ሲስሩት
ሲኤችሩት /ሲስሩት
ፓስውድ የተጠቃሚው-ስም
ተች /.ኦቶሪሌብል

«ሲስሩት» ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ አር፣ ኦ፣ ኦ፣ ቲ፣ «ሲኤችሩት» ሲ፣ ኤች፣ አር፣ ኦ፣ ኦ፣ ቲ፣ «ተች» ቲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኤች፣ «ኦቶሪሌብል» ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤል ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው ትእዛዝ በዲስኩ ሥር ላይ ባዶ ፋይል ይፈጥራል፤ በስላሹና በስሙ መካከል ያለችው ነጥብ እንዳትረሳ። ሲስተሙ ሲነሳ ይህን ፋይል ካየ የሁሉንም ፋይሎች ምልክት እንደገና ይሰጣል። ከዚያ «ኤግዚት» ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ምልክት የመስጠቱ ሥራ ብዙ ፋይል ባለበት ዲስክ ላይ ረጅም ደቂቃዎች ሊወስድና ኮምፒውተሩም በራሱ እንደገና ሊነሳ ይችላል፤ በዚህ መካከል ኃይሉን ማቋረጥ አይገባም። በአንዳንድ እትሞች ላይ አርዲ.ብሬክ ራሱ የሩትን ቃል ይጠይቃል ወይም ሩት ተቆልፏል ይላል። ያን ጊዜ ከላይ የተገለጸውን የኢኒት መንገድ ይጠቀሙ፤ የኦቶሪሌብሉን ፋይል መፍጠር ግን በዚያም መንገድ ግዴታ ነው።

ከፍላሽ በማስነሳት

ግሩብ ራሱ በይለፍ ቃል የተጠበቀ ሲሆን፣ ወይም ኪቦርዱ አልሠራ ሲል፣ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ማንኛውንም የሊኑክስ ሥርጭት መጠቀም ይቻላል። ባለ64 ቢት ሲስተም ላለበት ዲስክ ባለ64 ቢት ፍላሽ መሆን አለበት። ከፍላሹ ከተነሱ በኋላ «መጫን» የሚለውን ሳይሆን «መሞከር» የሚለውን ይምረጡ፤ በዚህ ቦታ ላይ በችኮላ የተሳሳተውን መጫን ፋይሎችን ሊያጠፋ ይችላል።

ተርሚናል ከፍተው «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ሲሉ ዲስኮቹና ፓርቲሽኖቹ ከነዓይነታቸው ይዘረዘራሉ። የሲስተሙ ፓርቲሽን ብዙውን ጊዜ «ኤክስት4» ወይም «ቢቲአርኤፍኤስ» የሚል ዓይነት ያለው ትልቁ ነው። ስሙ ለምሳሌ ኤስዲኤ2 ከሆነ፦

ሱዶ ማውንት /ዴቭ/ኤስዲኤ2 /ኤምኤንቲ
ሱዶ ሲኤችሩት /ኤምኤንቲ
ፓስውድ የተጠቃሚው-ስም

ከሁለተኛው ትእዛዝ በፊት «ኤልኤስ /ኤምኤንቲ/ኢቲሲ/ሻዶው» ብለው ፋይሉ መኖሩን ይፈትሹ፤ ከሌለ የከፈቱት ሌላ ፓርቲሽን ነው። ቢቲአርኤፍኤስ በሆነ ዲስክ ላይ ሲስተሙ በንዑስ ክፍል ውስጥ ሊሆን ስለሚችል በማውንቱ ትእዛዝ ላይ «-ኦ ሰብቮል=@» የሚል መጨመር ያስፈልጋል፤ በፌዶራ የንዑስ ክፍሉ ስም «ሩት» ነው። የሻዶውን ፋይል በጽሑፍ አርታኢ ከፍቶ ሃሹን በእጅ መደምሰስም በየቦታው ይመከራል። ይህን አልመክርም፤ አንድ ሁለት ነጥብ ቢዛነፍ መስመሩ ይበላሻል፤ ቢሳካም ለጊዜው ያለ የይለፍ ቃል የቆመ የአስተዳዳሪ አካውንት ይተዋል።

ዲስኩ የተመሰጠረ ሲሆን

ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ የተጠቃሚዎች ስም ሳይታይ በፊት ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ሉክስ በተባለው ዘዴ የተመሰጠረ ነው። ያን ቃል የሚያውቁት ከሆነና የጠፋው የመግቢያው ቃል ብቻ ከሆነ ከላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ ይሠራሉ፤ በመካከል የዲስኩ ቃል ይጠየቃል፤ ከፍላሽ ሲነሱም በቅድሚያ «ክሪፕትሴታፕ» በተባለው ፕሮግራም ዲስኩን መክፈት ያስፈልጋል። የጠፋው የዲስኩ ቃል ከሆነ ግን፣ ሌላ ቁልፍ ካልተመዘገበ በስተቀር፣ በዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይከፈትም። ጥገና ቤትም ሆነ ከበይነመረብ የሚወርድ ፕሮግራም ይህን እከፍታለሁ ካለ ገንዘብዎን ከመስጠትዎ በፊት ደጋግመው ያስቡበት።

በመሐል የሚገኝ ሌላ ሁኔታም አለ። በቀድሞ የኡቡንቱ እትሞች ሲስተሙ ሲጫን የግል ፎልደርን ብቻ የማመስጠር ምርጫ ነበር፤ ይህ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ 18.04 እትም ጀምሮ ቀርቷል። ያን ጊዜ የተመሰጠረ ፎልደር የሚከፈተው በቀድሞው የመግቢያ ቃል በተሸፈነ ቁልፍ ስለሆነ፣ በሩት ሥልጣን የተለወጠ አዲስ ቃል ወደ ኮምፒውተሩ ቢያስገባም ፎልደሩን አይከፍትም። ሲጫን የተሰጠውን ባለ32 ምልክት ቁልፍ በወረቀት የያዘ ሰው ግን በእርሱ መክፈት ይችላል።

ከገቡ በኋላ

በመጀመሪያ የሚገጥመኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ቁልፍ መያዣው ነው። ጊኖም በተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ላይ ከገቡ በኋላ «የመግቢያ ኪሪንግ አልተከፈተም» የሚል ሳጥን ይመጣና የቀድሞውን ቃል ይጠይቃል። አንዳንድ የዋይፋይ ቃላትና በአንዳንድ ብራውዘሮች የተቀመጡ የይለፍ ቃላት የሚጠበቁት በዚህ መያዣ ሲሆን፣ መያዣው ደግሞ በቀድሞው ቃል የተቆለፈ ነው። በግል ፎልደርዎ ውስጥ ባለው የ«.ሎካል» ፎልደር፣ ከዚያም በ«ሼር» እና በ«ኪሪንግስ» ሥር «ሎጊን.ኪሪንግ» የተባለ ፋይል ያገኛሉ። ፋይሉን አያጥፉት፤ ስሙን ቀይረው ያስቀምጡት። ወጥተው ሲገቡ ሲስተሙ በአዲሱ ቃል የሚከፈት ባዶ መያዣ ይፈጥራል፤ የቀድሞው ቃል ከሳምንታት በኋላ ትዝ ቢልዎ ደግሞ አሮጌውን መልሰው መክፈት ይችላሉ።

አዲሱን ቃል ወደ ጠንካራው ይለውጡ፤ አሁን የቀድሞውን ስለሚያውቁ ያለ ሱዶ «ፓስውድ» ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ በዚህ መንገድ ሲለወጥ በብዙ ሥርጭቶች ላይ የቁልፍ መያዣውም ቃል አብሮ ይቀየራል። «ሱዶ ፓስውድ -ኤስ የተጠቃሚው-ስም» ሲሉ፣ ኤሱ በትልቁ ተጽፎ፣ ከስሙ ቀጥሎ ፒ የሚል ፊደል ከታየ አካውንቱ በሚሠራ ቃል የተጠበቀ ነው፤ ኤል ከታየ ተቆልፏል።

ይህን ሁሉ ያለ የይለፍ ቃል ማድረግ ከቻሉ ኮምፒውተሩን በእጁ ያስገባ ሌላ ሰውም ይችላል። የግሩብ ቃልና የባዮስ ቃል ያዘገዩታል፤ ዲስኩን ፈቶ በሌላ ማሽን ላይ ከሚሰካ ሰው ግን አያድኑም። ከዚህ የሚጠብቀው የዲስክ ምስጠራ ነው፤ ምስጠራ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ቃሉ ለጠፋበት ባለቤትም አይራራም። ስለዚህ ዲስካቸው በሉክስ የተመሰጠረ ሰዎች ቃሉ በአእምሯቸው ሳለ ሁለተኛ ቁልፍ ቢያስመዘግቡ መልካም ነው። የመጀመሪያው የሉክስ ዓይነት 8፣ ሁለተኛው እስከ 32 ቁልፎች ይይዛል። የተመሰጠረው ፓርቲሽን ኤስዲኤ3 ከሆነ ትእዛዙ ይህ ነው፦

ሱዶ ክሪፕትሴታፕ ሉክስአድኪ /ዴቭ/ኤስዲኤ3

«ክሪፕትሴታፕ» ሲ፣ አር፣ ዋይ፣ ፒ፣ ቲ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ዩ፣ ፒ፣ «ሉክስአድኪ» ደግሞ ኤል፣ ዩ፣ ኬ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ዲ፣ ዲ፣ ኬ፣ ኢ፣ ዋይ ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህኛው ቃል ውስጥ የ«አድ» እና የ«ኪ» የመጀመሪያ ፊደላት በትልቁ ይጻፋሉ። ትእዛዙ አስቀድሞ ያለውን ቃል ይጠይቃል፤ ቀጥሎ አዲሱን ሁለት ጊዜ ይቀበላል። ሁለተኛውን ቃል በወረቀት ጽፈው ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ አስተማማኝ ቦታ ያኑሩት፤ ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱና ዲስኩ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቃል መከፈቱን አንድ ጊዜ ይፈትሹ።